የእቴ ሎሚ እርጎ

የኤሲ ሞተር ተሸክሜ ደረጃ ስወጣ፣
አራተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሼ ታጣ፤
ደረቴን እንደ ጉጠት ጨምድዶ ያዘና
ለቀቀኝ። «ሙቀት ነው፣ ነሐሴ ነው» አልኩና
ውሃ ጠጥቼ ቀጠልኩ።

የሻርጃ ነሐሴ ብዙ ይሸፍናል፤
ላብ ነው ብለው ካለፉት ሞትም ላብ ይመስላል።

ሮላ፣ ከሞባይል ጠጋኙ በላይ፣ ዶክተር ሺጃ ዘንድ፣
በሦስተኛው ሲይዘኝ ሄድኩ፤ ወድጄ ሳይሆን በግድ።
ደሜን ከመቅዳቷ በፊት ዓይኔን ገልጣ አየች፣
በብሌኔ ዙሪያ ነጭ ቀለበት አገኘች፤
ካልሲዬን አስወልቃ ተረከዜን ዳሰሰች።
ጅማቱ ላይ ባቄላ የሚያህል እብጠት አለበት።
«የጫማ ነው» አልኳት፣
«አባቴም ነበረው፤ በረባሶ ያበቀለበት።»
አልሳቀችም።
«አባትህ በስንት ዓመቱ ሞተ?»

በሠላሳ ዘጠኝ።
ቢስቲማ ገበያ ውሎ፣ ጨው አዝሎ ሲመጣ፣
ከእቴ ሎሚ ደጅ ቆሞ አንድ ቅል እርጎ ጠጣ።
መረቃት። ዳገቱን ጀመረ።
አፋፉ ጋ ሳይደርስ ደረቱን ይዞ ቀረ።
ሀገር «እርጎው ነው» አለ። ሌላ ማን ይጠይቃል?
ሰው በገዛ ደሙ እንደሚሞት ማን ያውቃል?

አጎቴ ሙሄ ደም ሊመልስ ካራ ሳለ፤
ሽማግሌ ገባና ካራው ከአፎቱ ዋለ፤
ቂሙ ግን ሜዳ ላይ ቀረ። እሳት የሚጭርባት፣
ልጅ የሚልክላት፣ በሰርግ የሚጠራት
አጣች ያቺ ሴት።
እኔም፣ የሰባት ዓመት ልጅ፣ በደጇ ባለፍኩ ቁጥር
እተፋ ነበር።

ወረቀቱ መጣ፤ ሦስት መቶ አርባ።
«ጉበት ለቃሚ ነው» አለች፣ በአረብኛም በእጇም፣
«የደምን ቅባት ይለቅማል፤ ያንተው እጁ አጭር ነው፣ አይደርስም፤
ያልተለቀመው ይጋገራል ከደም ቅዳህ ግድግዳ።
ከእርጎ አይደለም። የአባትህ ነው ዕዳ።»
ለልጅ ሲደርስ ግማሽ በግማሽ ነው ብላ
አንድ ድርሃም ወደ ላይ ወረወረች፤
እኔ በሆዴ፦ ዘውድ ወይስ ጎፈር?

መሬቱን ወንድሞቼ አምስት ዓመት ተካሰው ተካፈሉት፤
ይህን ግን ያለ ዳኛ፣ ያለ ምስክር ወረስኩት።
ለካ ገዳይ ኖሯል፤ ግን ከውጭ አልመጣም፤
አጎቴ የፈለገው ደም ከደማችን አልወጣም።

አሁን ማታ ማታ አንዲት ክኒን እውጣለሁ፣
በየአሥራ አምስት ቀኑ ሆዴን በመርፌ እወጋለሁ።
ፍሪጁ የሰባት ሰው ነው። ከአንዋር ዓሣ፣ ከቢጁ ሎሚ ጎን
«የሸምሱ ነው፣ አትንኩ» የሚል በሦስት ቋንቋ ለጥፌ ማሸጊያውን
አስቀምጫለሁ። ኢንሹራንሱ ገሚሱን ይከፍላል፤
ገሚሱ ከደመወዜ ይቆረጣል።
በአራተኛው ወር መቶ አርባ ሆነ። «ዳንኩ?» አልኳት።
«ተገታ እንጂ አልዳንክም፤ ካቆምክ ይመለሳል» አለች፣ ጽፋ እየሰጠችኝ ለከርሞ ቀጠሮ።

ዓርብ ለአጎቴ ደወልኩ። «ልጆችህን ደማቸውን አስመርምር።»
«አይታመሙ! አንበሶች ናቸው።» «አባቴም አንበሳ ነበር።»
«ደሴ ድረስ?» «ደሴ ድረስ። የመኪናውን እኔ እልካለሁ።»
ከዚያ የሸሸሁትን አወጣሁ፦
«አጎቴ፣ እቴ ሎሚ ንጹሕ ናት።»
ዝም አለ።
መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩት።
«አለች» አለኝ ቆይቶ። «አርጅታለች።
ላሟን ግን ሸጣለች።»

የዚህ ወር ደመወዝ ለመርፌው ነው።
የሚመጣው ለአንዲት ጊደር፤
የደም ካሳ በሉት፣ ስሙን አልከራከርም።
ስገባ ግን፣ ሺጃ ብትፈቅድም ባትፈቅድም፣
በገበያ ቀን፣ ሀገር እያየኝ፣ ከደጇ እቆማለሁ፤
አንድ ቅል እርጎ ከእጇ እጠጣለሁ፤
እመርቃትና
ዳገቱን እወጣለሁ።